በዜማ የተማርኩት እንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ ያለ ዜማ አይገባኝም ነበር። ምን ላድርግ፣ ያደግሁት ሰቆጣ፣ መሪጌታ ቤት ነው። የአባቴ ተማሪዎች ከንጋት ጀምሮ እየተወዛወዙ ሲያዜሙ እየሰማሁ ነው ነፍስ ያወቅሁት። ከእናቴ ጋር በኽምጣኛ፣ ከአባቴ ጋር በአማርኛ እንግባባለን፤ ሦስተኛው ቋንቋ ግን በንባብ ብቻ አልገባ አለኝ።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ህንዳዊው አስተማሪያችን ኤቨር፣ ዬት፣ ስቲል፣ ኦልሬዲ የሚባሉ የጊዜ ቃላት አመጣብን። ሁሉም በጥያቄ ውስጥ ይገባሉ፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ። እኔ ታዲያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ዜማ አወጣሁለት። የተሳሳተው ቃል ከገባ ዜማው ይሰበርብኛል፣ ትክክለኛው ከገባ ይፈስሳል። ጓደኞቼ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከጋዝጊብላ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። አባቴ አልመለሷቸውም፣ እሺም አላሏቸውም። «የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች የእናንተ ናት» አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

የፈተናው ቀን የክፍሉ ዝምታ አስፈራኝ። ሒሳቡን እንደምንም ተወጣሁት። እንግሊዝኛው ሲመጣ ግን ገጹ ሙሉ እነዚያው ቃላት! በልቤ ላዜም ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ከንፈሬ ሳላስበው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፄም ወጣ።

ከወልድያ የመጣው ፈታኝ ከፊቴ ቆመ። «አንቺ! ለማን ነው የምትነግሪው? ሁለተኛ ከሰማሁሽ ወረቀትሽን እቀማሻለሁ።»

ዝም ብዬ ብቀመጥ መውደቄ ነው፣ ብናገርም መባረሬ ነው። በመጨረሻ ተነሣሁና፣ «ጌታዬ፣ ካላዜምኩት አይመጣልኝም» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። ወረቀቴን ይዞ ተከትሎኝ ወጣ፤ ከግድግዳው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። «እዚህ እንዳሻሽ ሁኚ» ብሎ፣ እኔንም ክፍሉንም ማየት እንዲችል በሩ ላይ ቆመ። ለምን እንዳዘነልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አዜምኩ፣ እያዜምኩም ጻፍኩ።

አለፍኩ። አባቴም ቃላቸውን ጠበቁ።

አሁን የልጅ ልጆቼ እንግሊዝኛን ከስልካቸው ላይ፣ ጆሯቸውን ደፍነው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ይማሩታል። ትናንት አንደኛዋ ፈተና ወድቃ መጣች። እናቷ ተቆጣቻት፣ አባብለን እራቷን አበላናት፣ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእሷ ቢበዛ ሌላ ፈተና ነው የሚጠብቃት፤ እኔን ይጠብቀኝ የነበረው የተጫነ የሙሽራ በቅሎ ነው።