ከፊት የሄደው ጅራት

የሸዋገነት እጆች ቢጫ ክር በቀሰም ላይ ይጠቀልላሉ። ቀሰም የሸማኔ ክር የሚጠቀለልባት ትንሽ ሸምበቆ ናት። ሠላሳ ዓመት ስትጠቀልል ስለኖረች እጇን ማየት አያስፈልጋትም። ዛሬ ግን ታያለች። ክሩ አዲስ አይደለም፤ አንዴ ተሸምኖ የተተረተረ ነው። የተተረተረ ክር ቀጥ አይልም፤ የነበረበትን ጨርቅ እጥፋት ይዞ ቁጥርጥር ይላል። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል እየጨመቀች ታሳልፈዋለች፤ አይቃናም። ደግማ አትሞክርም። እንዳለ ትጠቀልለዋለች።

ክሩ ባሏ ፈለቀ መጨረሻ የሸመነው ነው።

ፈለቀ በወጣትነቱ ከጨንቻ መጥቶ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ጥግ የሚሸምን ሰው ነበር። በእነሱ ዘንድ የሽመናው ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ የሚሸምነው ወንድ ነው። ሴት ጥጥ ትፈትላለች፣ ክር ትጠቀልላለች። ሸዋገነት አንድ ቀን እንኳ እዚያ ተቀምጣ አታውቅም፤ ነይ ተቀመጪ ያላትም የለም።

ልጃቸው አይዳ እዚያው ጉለሌ ፊዚክስ ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት መጥታ፣ "አባዬ፣ የማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ የምሰቅለው ጨርቅ ሥራልኝ" አለችው።

"ጥለቱ ምን ይሁን?"

"ጅራታም ኮከብ።"

ፈለቀ ሳቀ። "መስቀል ሸምኛለሁ፣ አበባ ሸምኛለሁ። ደግሞ ኮከብሽ ከምንድን ነው የተሠራችው?"

የዚያን ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር። አይዳ በግቢው ጥግ ከአፈርና ከቅጠል ጋር የተከመረውን በረዶ አሳየችው። "ይኸው። በረዶ፣ አቧራ፣ ጠጠር፣ የቀዘቀዘ ጋዝ። ተራራ የሚያህል የቆሸሸ በረዶ በለው። ፀሐይ ዘንድ ሲቀርብ ይሞቀውና ይተናል፤ ጅራት የምንለው የሚተነውንና አቧራውን ነው። መንገዱም ክብ አይደለም፤ እንደ ሽመና መወርወሪያህ ረዘም ያለ ሞላላ ነው፣ ፀሐይዋ ወደ አንዱ ጫፍ ተጠግታ ያለችበት። ከሩቅ ጨለማ ይመጣል፣ እሷን ይዞራል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ የሚመለስ አለ።"

"እኔ እንግዲህ አልጠብቀውም" አላት።

ያስቸገረው ጅራቱ ነበር። ኮከቡ ወደ ፀሐይ ሲመጣ ጅራቱ ከኋላው ነው፤ ይህ ገባው፣ የምትሮጥ ሴት ነጠላዋ ከኋላዋ እንደሚከተላት። ኮከቡ ሲመለስ ግን አይዳ ወረቀት ላይ ጅራቱን ከፊቱ ሣለችው።

"ተሳሳትሽ" አላት።

"አልተሳሳትኩም። ጅራቱ በሩጫው አይደለም የሚጎተተው። ፀሐይ ናት ወዲያ የምትገፋው። ሲመጣም ሲሄድም ጅራቱ ከእሷ ወዲያ ነው።"

አላመናትም። በነጋታው አንድ ቀሰም ላይ ክር አንጠልጥሎ ከጥግ ወዳለችው ባለሱቅ ወደ ኢልሀም ሄደ። ለሽያጭ ያስቀመጠችውን ቬንትሌተር አስከፈታትና ቀሰሙን ይዞ ዙሪያውን ይራመድ ጀመር። ሲጠጋ ክሩ ወደ ኋላው፣ ሲርቅ ከፊቱ ቀድሞ ተንሳፈፈ።

"ጋሽ ፈለቀ፣ ቬንትሌተሬ ምን አድርጋዎት ነው እንዲህ የሚዞሯት?" አለችው ኢልሀም።

"ፀሐይ ሆናልኝ" አላት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጅራቱ አልተከራከረም። የኮከቡን ዙር ፈትቶ በጨርቁ ላይ በአንድ መስመር ዘረጋው፦ የሚመጣው ኮከብ፣ መሃል ላይ ፀሐይዋ፣ ከዚያ የሚመለሰው። ጫፉ ላይ ጁፒተር እንዲኖር የፈለገው ራሱ ነው። በሐምሌ ሰማንያ ስድስት፣ አይዳ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች፣ ቀጨኔ በተከራዩት ቤት በሬዲዮ ሰምቶት የማይረሳው ወሬ ነበር። አንድ ጅራታም ኮከብ በጁፒተር አጠገብ ሲያልፍ በስበቱ ተሰባብሮ፣ ከሃያ በላይ ስብርባሪ ሆኖ፣ እንደ ዶቃ ተሰልፎ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ወደቀበት።

"ምድርን የሚያህል ጠባሳ ተወበት" አለች አይዳ።

"ኋላስ?"

"በወራት ውስጥ ጠፋ። ጁፒተር ከላይ ጋዝ ነው፤ ነፋሱ በታተነው።"

ሸዋገነት ጎናቸው ተቀምጣ ክር እየጠቀለለች ሰማች። ያን ጊዜ ምንም አላሰበችበትም።

ፈለቀ በታኅሣሥ ታሞ ሞተ። የሚመጣውን ኮከብ ጨርሶ ነበር፣ ፀሐይዋንም። ከሚመለሰው ሦስት ቦታ ሸምኗል፣ ጅራታቸው ከፊት። ጁፒተር ላይ አልደረሰም።

ሸዋገነት አላለቀሰችም። "ደንግጣ ነው" አሉ ለቀስተኞቹ። "ይመጣላታል" አሉ። አልመጣም። ብዪ ሲሏት በላች፣ ተኚ ሲሏት ተኛች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ ጨርቁን ማንም ከሽመና ዕቃው ላይ እንዳያወርደው። ጨርቁ ሳያልቅ ከቀረ ፈለቀ መንገድ ላይ እንደቀረ ሰው ይሆንባታል። ሌላው ሁሉ ሩቅ ነበር፤ ይህ ብቻ ቅርቧ ነው።

በየካቲት የፈለቀ የአገሩ ልጅ፣ ጎረቤቷ ሸማኔው ዘመንፈስቅዱስ መጣ። "ሸዋ፣ እኔ ልጨርስለት" አላት። የቤቱን ቁልፍ ሰጠችው።

በማግስቱ እንጦጦ ማርያም ደርሳ ስትመለስ ወለሉ ላይ ቢጫ ክር ተከምሮ አየች።

ሸማኔ ሲሸምን ያለቀውን ጨርቅ ከፊቱ ባለው እንጨት ላይ ይጠቀልለዋል። ዘመንፈስቅዱስ ሲቀመጥ የታዩት ሦስቱ የመጨረሻ ኮከቦች ብቻ ነበሩ። ፀሐይዋ ጥቅሉ ውስጥ ነበረች።

"አስተካከልኩት" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። "በሽታው ዓይኑን አሳስቶት ጅራታቸውን ከፊት አድርጎት ነበር። ፈለቀ መጨረሻ ላይ ሥራ ጠፍቶበት ነበር እንዳይሉት ብዬ ተረተርኩት።" ከሦስቱ አንዱን እንደገና ሸምኖታል፣ ጅራቱን ከኋላ አድርጎ።

ሸዋገነት ጨርቁን አየችው። የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ጠበቀች። ምንም የለም።

"ደክሞሃል። ውሃ ላምጣልህ?" አለችው።

ከሰዓት በኋላ አይዳ ከትምህርት ቤት መጣች። አየችና ክሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "የአባዬ እጅ ነበር፣ ጋሼ ዘመንፈስ። የመጨረሻው እጁ።" ከዚያ ተነሥታ ጥቅሉን ፈታችና ፀሐይዋን አሳየችው። የቬንትሌተሩንም ነገር ነገረችው።

ዘመንፈስቅዱስ ፀሐይዋን በጣቱ ዳሰሳት። "ፀሐይ እንዳለች ምኑን አውቄ" አለ በመጨረሻ።

"እማዬ፣ አንድ ነገር በዪ እንጂ።"

ሸዋገነት ልጇ ስታለቅስ በመስኮት ዝናብ እንደሚያይ ሰው አየቻት። ያ ጁፒተር ትዝ አላት፤ ያ ሁሉ ወድቆበት ዝም ብሎ መዞሩ። ጎንበስ ብላ ክሩን በቀሚሷ ሰበሰበች።

"ክሩ አለ" አለች።

አሁን የመጨረሻዋ ቀሰም ሞላች። ዘመንፈስቅዱስ እሱ የሸመናትን ኮከብ በገዛ እጁ ተርትሮ ጨርሷል፤ ቀሰሟን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሸዋገነት አልሰጠችውም። በአጠገቡ አልፋ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

"የት ልትገቢ ነው?"

"እዚህ።"

"ሸዋ፣ ተይ። ሴት አስገብቶ አሸመነ ብሎ ሽሮ ሜዳ ሁሉ ይስቅብኛል።"

"ባንተ ነው የሚስቁት? በእኔ መስሎኝ።"

"ፈለቀ ቢያይሽስ ምን ይል ነበር?"

"ቬንትሌተር ሲዞር የዋለ ሰው ምን ይላል?"

ዘመንፈስቅዱስ ሳይወድ ሳቀ፤ ከጎኗም ተቀመጠ። እግሯን ወደ ታች ስትሰድ ተረከዞቿ መሬቱ ውስጥ ሁለት ጎድጓዳ ቦታ አገኙ። የፈለቀ ተረከዝ በሠላሳ ዓመት የሠራቸው ናቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ። ያን ያህል ብቻ ተሰማት።

"ድሩን ቁጠሪ። አራት ዝለይና ቢጫውን አስገቢ" አላት። ቆጠረች።

ሦስቱ ኮከቦች እስከ ፋሲካ ፈጁባት። የመጀመሪያው ወደ ጎን ዘመም ብሏል። ሦስተኛው ፈለቀ የሠራውን ይመስላል፣ ጅራቱ ከፊት። ጁፒተርን አልቻለችውም፤ ዘመንፈስቅዱስ ሸመነው፣ እሷ ቡናማና ነጭ ክር እየጠቀለለችለት። ስብርባሪዎቹ ላይ ሲደርስ አይዳን አስጠራት።

"የእነዚህስ ጅራት በየት በኩል ነው፣ አስተማሪ?"

"ከፀሐይ ወዲያ።"

"በይ እንግዲያው መጀመሪያ ጥቅሉን ፍቺልኝ። እሷን ሳላይ ክር አላስገባም።"

ጨርቁ አሁን አይዳ የምታስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ፣ እነዚያ ሦስቱ ተገልብጠዋል ይላል። ሙያ ያለው አንድ ወላጅ በነፃ ላስተካክልላችሁ ብሏል። ሸዋገነት እስከ ዛሬ አላለቀሰችም፤ ይመጣል ብላም አትጠብቅም። ጠዋት ትነሣለች፣ ትጠቀልላለች፣ አንዳንዴም ጉድጓዱ ጫፍ ትቀመጣለች። ልመናዋ አንድ ነው፣ ለእናንተም ነው፦ አንድ ቀን በዚያ ግድግዳ አጠገብ ብታልፉ መጀመሪያ ፀሐይዋን ፈልጉ። ከፈለጋችሁ ኮከቦቹን በጣታችሁ ዳስሷቸው፤ የሦስቱ ክር ቁጥርጥር ይላል፣ የሌላው ለስላሳ ነው። ግን አደራችሁን፣ እንዳታቃኑት።