አክስቴ አሜን ያላለችበት እሑድ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ሮዘተንቪል ሰፈር ያደግን ልጆች እሑድ ከሰዓትን ከሽታው እናውቀዋለን። በረንዳ ላይ የተቀባ ቀይ የወለል ሰም ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ፣ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ የሥጋ ጥብስ ጭስ፣ እናቶቻችን ለእንግዳ የሚያፈሉት ዝንጅብል የበዛበት ሻይ። ዛሬም መንገድ ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ በረንዳዋን በሰም ስትወለውል ካየሁ ቆም እላለሁ። ሽታው ደስ ይለኛል። ደስታው ሳያልቅ ግን አንድ እሑድ ተከትሎት ይመጣል፤ ልቤም ይከብዳል።

ያኔ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ አሌክሳንድራ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ በኩል የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ስለሚውል ፊቱን ጠግበን የምናየው እሑድ ነበር። እሑድ ደግሞ የእኛ ብቻ አልነበረም። የቤት ኅብረት ቀን ነበር። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከወላይታ የመጡ ባለሱቆች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ሳሎናችን ውስጥ ይሰበሰባሉ። በየቤታችን የየራሳችን ቋንቋ ቢኖረንም እዚያ ሳሎን ውስጥ የሚያገናኘን አማርኛ ነበር። እኛ ልጆቹ እንግሊዝኛም ከደንበኛ የሰማነውን ዙሉም እንቀላቅልበት ነበር፤ ትልልቆቹም «ይሄ የትኛው አገር አማርኛ ነው?» እያሉ ይስቁብናል። ጓሮ ወጥተን በእናቶቻችን አሮጌ ስቶኪንግ ላስቲክ እንዘላለን። መዝሙሩ አልቆ ጸሎት ሲጀመር ግን ሁላችንም ወደ ውስጥ እንጠራለን።

የጸሎቱን ሥርዓት ታስታውሱታላችሁ። መሪው ርዕስ ይሰጣል፤ ሁሉም ቆሞ በአንድነት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል፤ ከዚያ መሪው ይዘጋና ቤቱ በሙሉ አሜን ይላል። «አሜን የሌለው ጸሎት በር ላይ እንደቀረ እንግዳ ነው» ይሉን ነበር ትልልቆቹ። እኔም ያ አሜን ከቆርቆሮው ጣሪያ አልፎ፣ የወርቅ ማዕድኑን አፈር ክምር ተሻግሮ፣ የተላከበት አገር የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

መሪያችን ጋሽ ማርቆስ ነበር። እሱን ጨካኝ ሰው አድርጎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የአክስቴ የታደለች ባል ሱቁ ውስጥ በዘራፊዎች የተተኮሰበት ቀን፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ሳይጠብቅ በባኪው፣ በትንሿ የጭነት መኪናው፣ ጭኖ ሆስፒታል ያደረሰው ጋሽ ማርቆስ ነው። ሰውየው አልተረፈም። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት እንዲሄድ በየሱቁ እየዞረ መዋጮ የሰበሰበውም እሱ ነው። የጋሽ ማርቆስ ልጅ ሊዲያ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ እሷን አርግዛ ሳለች ሐኪሞች ጽንሱ ጤነኛ አይሆንም፣ ለአንቺም ያሰጋሻል፣ ይውጣ ብለዋት ነበር። ባልና ሚስቱ እምቢ አሉ። ሊዲያ ተወለደች፤ ወፍራም መነጽር ከማድረጓ በቀር ምንም አልሆነችም። ጋሽ ማርቆስ ይህን በምስክርነት ሰዓት ደጋግሞ ይናገረው ነበር። እሱ በተናገረ ቁጥር ሊዲያ በሐፍረት ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ትቀብራለች።

አክስቴ ታደለች ባሏ ከሞተ በኋላ ከትንሹ ልጇ ከቢኒያም ጋር የእኛ ግቢ የጓሮ ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር። የስደተኝነት ጉዳይዋ ታይቶ አሜሪካ እንድትሰፍር ተመርጣ ነበር። ቃለ መጠይቁ አልቋል፤ የጤና ምርመራውም ተደርጓል፤ የቀራት የበረራ ቀን ብቻ ነው። የማታውቀው ቁጥር ከደወለ እጇን በቀሚሷ ሳትጠርግ ስልኩን አታነሳም ነበር፤ ደዋዮቹ የሚያዩዋት ይመስል። ለቢኒያም ከከተማ ወፍራም ካፖርት ገዝታለት ነበር፤ እሱም በጆሃንስበርግ ሙቀት ለብሶት ግቢ ውስጥ ይሮጣል። «አውልቅ፣ በረዶው ገና አልመጣም!» ትለዋለች እየሳቀች። ከሐዘኗ በኋላ ስትስቅ የሰማኋት በዚያ ጊዜ ነው።

አሜሪካ ምርጫ ልታካሂድ የተቃረበችበት ወቅት ነበር። ትምህርት ቤት መምህራችን ስለ አንድ አገር ምርጫ ኦራል አዘጋጁ አለችን። ኦራል ማለት ክፍል ፊት ቆሞ መናገር ነው፤ ፍርሃቱን የማያስታውስ የለም። እኔ አሜሪካን መረጥኩ፤ በቤታችን ውስጥ ስሟ በየቀኑ የሚጠራ አገር ስለነበረች ይመስለኛል። መምህሯ አጨበጨበችልኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስታውን መያዝ አቃተው። እሑድ መዝሙር እንዳለቀ ጠራኝ።

«ምሕረት፣ ነይ። ያንን የሁለቱን ፓርቲ ነገር ለእነ ጋሼም ንገሪያቸው። በአማርኛ ግን!»

በሳሎኑ መሃል ቆምኩ። የአንደኛው ምልክት ዝሆን፣ የሌላው አህያ ነው ስል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አህያማ ዘመዳችን ነው፤ እህላችንን ተሸክሞ ያሳደገን» አለ አባቴ። «ዝሆኑንስ ማን ይቀልበዋል?» አለች እናቴ ከሻይዋ ቀና ብላ። እኔ ሳቁ አበረታኝ። ሪፐብሊካኖች መንግሥት አነስተኛ ይሁን፣ ግብር ይቀነስ፣ ነጋዴ በሕግ ብዛት አይጨናነቅ፣ ክፍለ ግዛቶች በራሳቸው ጉዳይ ይወስኑ ይላሉ ብዬ ተናገርኩ። «እነዚህስ ባለሱቅ ናቸው!» አለ አንዱ፤ ጭብጨባ ሆነ። ዴሞክራቶች ደግሞ ሀብታም የበለጠ ግብር ይክፈል፣ መንግሥት በሽተኛን እንዲያሳክምና የድሃ ልጅ እንዲማር ይርዳ ይላሉ አልኩ። እናቴም «ይሄም እኮ መጽሐፉ ላይ አለ» አለች።

ቀጥዬ ስለ መሣሪያ ተናገርኩ። ሪፐብሊካኖች ሰው መሣሪያ የመያዝ መብቱ እንዳይነካ ይሟገታሉ፤ ዴሞክራቶች ቁጥጥሩ ይጥበቅ ይላሉ። በዚህ ማንም አልሳቀም። አክስቴ የቢኒያምን ፀጉር ትዳስስ ነበር፤ እጇ ቆመ። ቀጥሎ የመጣውን ነገር በአማርኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር። «ልጁ ገና ሆድ ውስጥ እያለ...» ብዬ ተንተባተብኩ። ጋሽ ማርቆስ በርኅራኄ አገዘኝ። «ፅንስ ማስወረድ ነው፣ ልጄ። እሺ፣ ምን ይላሉ?» አብዛኞቹ ሪፐብሊካኖች ሕግ እንዲከለክለው ወይም እንዲገድበው ይፈልጋሉ፤ አብዛኞቹ ዴሞክራቶች ውሳኔው የሴቲቱ ነው ይላሉ። ከየወንበሩ «ጌታ ሆይ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሊዲያ እናት ዓይኖቿን ጨፈነች።

ጨርሻለሁ ብዬ ልቀመጥ ስል አክስቴ ጠየቀችኝ። «ስለ ስደተኛስ፣ ምሕረትዬ?»

መምህሬ እንዳስተማረችኝ መለስኩላት። ሪፐብሊካኖች የሚገባው ሰው ቁጥር ይቀነስ፣ ማጣሪያው ይጥበቅ ይላሉ፤ ዴሞክራቶች ተጨማሪ ሰው ይግባ ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሻይ ብርጭቆ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ማርቆስ ተነሳ። «ወገኖች፣ ለእኛ ለአማኞች ነገሩ ግልጽ ነው። ሕይወትን የሚጠብቀው ወገን እንዲያሸንፍ እንጸልይ።» ሁሉም ቆመ። ጸሎቱ እንደ ሁልጊዜው ቤቱን ሞላው። አክስቴ ግን አልተነሳችም። ጋሽ ማርቆስ ዘጋ፤ ሁሉም አሜን አለ። አሜኑ ሲያባራ የእሷ ድምፅ ለብቻው ወጣ።

«እኔ አሜን አላልኩም።»

«ታደለች፣ ይሄ እኮ ፖለቲካ አይደለም» አለ ጋሽ ማርቆስ ቀስ ብሎ። «የሕይወት ነገር ነው።»

«የተወለደውስ ሕይወት አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?» ቢኒያምን ወደ ራሷ አስጠጋችው። «ይሄንንም የአባቱ ዕጣ ይጠብቀው?»

«እግዚአብሔር በሁለቱም በኩል ይሠራል። አንቺን ማን ረሳሽ?»

«እግዚአብሔርማ ይሠራል። የሚዘጋው የስደተኛ ቢሮው ነው።»

የሊዲያ እናት እንባዋ መጣ። «እኔ ይቺን ልጅ እያየሁ ሌላ ጸሎት ከአፌ አይወጣም፣ ታዱ። ይቅር በይኝ።» አክስቴም «አንቺን አልፈርድብሽም» አለቻት። አባቴ የቤቱ ባለቤት እንደመሆኑ ሊያስታርቅ ሞከረ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ልቡ እንዲራራ እንጸልይ አለ። ጸለይን። በመጨረሻ የወጣው አሜን ግን እንደ ጉንፋን ሳል የተበጣጠሰ ነበር። ሻዩ ቀዝቅዞ ቀረ። እናቴ ማታ ብርጭቆዎቹን ስታጥብ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች፤ ስለ ማን አፍ እንደተናገረች ግን አልጠየቅኋትም።

በሚቀጥለው እሑድ ግማሹ ሰው አልመጣም። ትሮይቪል ሰፈር፣ ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ ኅብረት ተጀመረ ተባለ። ሊዲያ ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቤ መቀመጥ ተወች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ማግዊንያዋን፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጧን፣ ይዛ መጣችና ሳትበላው ቆመች።

«አክስትሽ እኔ ባልወለድ ትወዳለች?» አለችኝ።

«አይደለም! እሷ አውሮፕላን ላይ መውጣት ብቻ ነው የምትፈልገው።»

ሊዲያ አሰበችበት። «እሺ» አለችና ማግዊንያዋን ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ። በልጅነታችን ነገሩ የሚያልቀው እንዲህ ነበር። የትልልቆቹ ግን አላለቀም።

ሪፐብሊካኖች አሸነፉ። ወራት ሲያልፉ አሜሪካ የምትቀበላቸው ስደተኞች ቁጥር ተቀነሰ። የአክስቴ በረራ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ተባለች፤ ከዚያ የጤና ምርመራው ጊዜው አልፎበታል ተባለች፤ ከዚያ ምንም አልተባለችም። ስልኩ ሲደወል እጇን መጥረግ ተወች። ካፖርቱ ለቢኒያም ጠበበው፤ እናቴም ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ማርቆስ ብቻውን መጣ። አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ከባኪው አውርዶ በሩ ላይ አስቀመጠ። ጓሮ ከአክስቴ ፊት ለፊት በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር።

«እኔ አንቺ እንድትቀሪ አልጸለይኩም፣ ታደለች።»

«አውቃለሁ ጋሼ። አንተ ለሊዲያ ጸለይክ። እኔም ለቢኒያም ዝም አልኩ።» ከዚያም «ሻይ ይምጣልህ?» አለችው።

ጠጣ። ከዚያ በኋላ ይመላለስ ጀመር። ዋስ ሆኖ አሌክሳንድራ ውስጥ ሱቅ ያገኘላትም እሱ ነው። ባሏን ባጣችበት ሰፈር፣ ከሟቹ ሱቅ ጥቂት መንገዶች አልፎ። ሌላ የምትሠራበት አልነበራትም። ኅብረቶቹም ከጊዜ በኋላ ተመልሰው አንድ ሆኑ። ሆኖም የማንም አገር ምርጫ የጸሎት ርዕስ ሆኖ ዳግም አልሰማሁም። «ስለ መንግሥታት» ይባላል፤ ይታለፋል።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ መንፈቅ ዓመት የአሜሪካ ፓርቲዎች መሠረታዊ እምነትና ልዩነት የሚል ጽሑፍ አዘጋጁ ተባልን። ከልጅነቴ ይልቅ አሁን ብዙ አውቃለሁ። ከሪፐብሊካኖች መካከል ስደተኛን በቤታቸው የሚቀበሉ አማኞች እንዳሉ፣ ከዴሞክራቶች መካከልም ፅንስ ማስወረድን ልባቸው የማይቀበለው እንዳሉ፣ ፓርቲዎቹም ከዘመን ዘመን እንደሚለወጡ አንብቤያለሁ። ተማሪዎቹ ሲከራከሩ እንደ ኳስ ቡድን ጎራ ይለያሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ ከክፍል ሲወጡ ይረሱታል። እኔ እዚያ መሃል ስቀመጥ የሚታየኝ ያ ሳሎን ነው። ያኔ ትልልቆቻችን ሁሉን የሚያውቁ፣ አሜናቸውም ባሕር የሚሻገር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስባቸው ወጣቶች ነበሩ፤ ፈርተውም ነበር። ድምፅ የማይሰጡበት ምርጫ ቤታቸው ገብቶ እርስ በርስ አለያያቸው።

ባለፈው እሑድ በታክሲ አሌክሳንድራ ሄጄ አክስቴን ጠየቅኋት። ሰሞኑን የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ ይዘጋ የሚል ወሬ ስላለ እናቴን ስጋት ይዟት ነበር። አክስቴ በፍርግርጉ ኋላ ዳቦ ትደረድራለች። ቢኒያም ረዝሞ ጣሪያውን ሊነካ ደርሷል፤ ሰላም ብሎኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ምን እንደምማር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ሁለቱን እንደገና?» ብላ ሳቀች። «ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ነው የሚከፈለው?»

አንድ ደንበኛ በዙሉ «ሳውቦና፣ ማማ» ብሎ ሰላም አላት። «ዬቦ» ብላ ወተት ሰጠችው። ፊቷን ሳትመልስልኝ፣ ዳቦውን እያስተካከለች፣ እንደ ዋዛ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ አሁን ስደተኛ ያስገባሉ?»

በዋዜማው ማታ የጻፍኩት ስለዚሁ ነበር። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አውቀው ነበር። እጇን አየሁት፤ በሽርጧ እየጠረገችው ነበር።

«አላውቅም፣ አክስቴ» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ።

«ልጅ ሆነሽ ታውቂ ነበር» አለችኝ።