ልብስ ሰፊው የሠራው ግድግዳ

«የጀመረው ግንቦት አሥራ ሁለት ነው» ትላለች ሊድያ ለጠየቃት ሁሉ። ትንሽ ቆይታ ግን «ወይስ የሰኔ ሚካኤል ነው? አይ፣ በሰኔማ ዝናቡ ይዞ ነበር፤ ጉድጓዱን ሲቆፍር አቧራው ቡን ይል እንደነበር አስታውሳለሁ» ትላለች። ከዚያ ደግሞ «ግን እኮ ጃንጥላ ይዤ ነው ቆሜ ያየሁት» ብላ የራሷን ነገር ታፈርሳለች። ጃንጥላው የፀሐይ ይሁን የዝናብ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የማያጠራጥረው፣ በዚያ ቀን ባሏ አበረ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጓሮ ወጥቶ «ለእማዬ ቤት ልሠራ ነው» ማለቱ ነው።

አበረ ልብስ ሰፊ ነው። ወረታ ገበያ ዳር፣ በመሐመድዘይን የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። የሱን ቀሚስ የለበሰች ሴት በመንገድ ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ቤቱ ሲገባ ግን ያ እጅ የሌላ ሰው እጅ ይሆናል። የግቢውን ቧንቧ እሱ ከቀየረው ወዲህ ውሃውን ለመዝጋት መክፈት፣ ለመክፈት መዝጋት ያስፈልጋል። የማድቤቱን በር ራሱ ሲሠራ ከልማዱ የተነሳ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ለስፌት ተወለት። እንጨት ደግሞ አይታጠፍም። በሩን በመላግ ፈንታ ግድግዳውን ፈለፈለው። ከዚያ ጀምሮ ሊድያ ወጥ ይዛ ስትገባ በሩን በእግሯ ከፍ፣ በዳሌዋ ገፋ፣ በትከሻዋ መለስ ታደርጋለች። ላያት እስክስታ የምትወርድ ትመስላለች።

ስለዚህ ቤት እሠራለሁ ሲል «ባለሙያ እንጥራ» አለችው።

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንተማ ልብስ ሰፊ ነህ።»

«ቤትም የሰው ልብስ ነው» አለና ዶማውን አነሳ።

ሊድያ አልተከራከረችም። ነገሩ የቀልድ እንዳልሆነ ታውቃለች። የአበረ እናት እማማ ሸዋነሽ ቁሐር ሚካኤል ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በየክረምቱ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ባለፈው ዓመት ውሃው አልጋቸው ድረስ ወጥቶ ጎረቤት ነው አዝሎ ያወጣቸው። ወረታ ሲያመጧቸው በእነአበረ የብሎኬት ቤት ጥቂት ሌሊት ያድሩና፣ መንገዱ ገና ሳይደርቅ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይመለሳሉ። «ብሎኬት አይተነፍስም ልጄ፤ ገና በቁሜ የተቀበርሁ ይመስለኛል» ይላሉ። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል። ዘንድሮም እንደልማዳቸው ከተመለሱ የሚቀጥለውን ክረምት ማን አዝሎ ያወጣቸዋል? አበረ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወራው ስለ ማገርና ስለ ምስማር ሆነ።

ቋሚውን በሜትሩ ለካ፤ የሚቆረጥበትን ቦታ ጨርቅ በሚያሰምርበት ሳሙና አሰመረ። ማገሩን ከመምታቱ በፊት እንደ ጨርቅ በክር ወሰወሰው። መሐመድዘይን ሱቁን ለምሳ ሲዘጋ ሊያይ መጣ። ዕድሜ ጠገብ ነጋዴ ነው፤ በአበረ መቀለድ ከበረንዳው ኪራይ ጋር የተሰጠው መብት ይመስለዋል።

«አንተ አበረ፣ ይሄ ነገር ቤት ነው ወይስ ሱሪ?»

«ቤት ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ምነው ጠበበ?»

«ማጠፊያ ትቼበታለሁ። እማዬ ከወፈረች ይሰፋል።»

ጭዱን አበረ ራሱ በጋሪ ጭኖ ከቁሐር ሚካኤል አመጣው፤ ከእናቱ ክምር የተወሰደ የሩዝ ጭድ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከዋልካው አፈር ጋር ቀላቅሎ ውሃ አጠጣው። ቧንቧውን ሊዘጋ ሲል ከፈተው፣ ሊከፍት ሲል ዘጋው። ጭቃው እንዲቦካ በየቀኑ መረገጥ ነበረበት። አንድ ቀን ሊድያ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። መጀመሪያ እሷ አዳለጣት፤ ላንሳሽ ሲል እሱ በላይዋ ወደቀ፤ ሊነሱ ሲሉ ሁለቱም ተመልሰው ተቀመጡ። እሷ ሳቋን ስታቆም እሱ ይጀምራል፤ እሱ ሲያቆም እሷ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ሊድያ በዚያ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣ፣ እንዲህ የሳቁት መቼ እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ በተጋቡበት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።

ቤቱ ተመረገ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ተንጋዶም ቢሆን ቆመ። ከዚያ ዝናቡ ገባ፤ ቀን ከሌት ያካፋ ጀመር።

ከዚያ አንድ ጧት ሊድያ አልጋ ልታነጥፍ በሩን ስትከፍት ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ አገኘችው። ሻጋታ መሰላትና በጣቷ ጠረግ አደረገችው። ጣቷን ወጋት። ቀረብ ብላ አየች፤ ቡቃያ ነው። ከወለሉ እስከ ጣራው፣ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው እንዳለ በቅሏል።

መሐመድዘይን ተጠርቶ መጣ። ሲያይ ቆቡን አውልቆ ከሥራው የተረፈ ግንድ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪበቃው ሳቀ።

«ሱብሃነላህ፣ የፎገራ ሰው ማሳው ላይ ይዘራል፤ አንተ ግድግዳ ዘራህ። ሲደርስ እንዴት ልታጭደው ነው፣ በመሰላል?»

አበረ ወደ ቤት ገባ። ትልቁን የጨርቅ መቀስ አምጥቶ ግድግዳውን ይከረክም ጀመር። ዳር ዳሩን አስተካክሎ፣ ጥጋጥጉን አሳምሮ ጨረሰ። በማግስቱ እንደተላጨ ፀጉር ይበልጥ ፋፍቶ ጠበቀው።

በዚያው ቀን ከቁሐር ሚካኤል ተደወለ። ርብ ሰብሮ ወጥቷል፤ እማማ ሸዋነሽ በጋሪ እየመጡ ነው። ሊድያ ራሷን ያዘች። «እንግዲህ ይህን ሲያዩ ለአንድ ሌሊትም አያድሩም» አለች። መሐመድዘይን ሮጦ አንድ ጣቃ አበባማ ጨርቅ አመጣ፤ አበረ መኪናውን ጓሮ አስገብቶ፣ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ጋሪው ከመድረሱ በፊት ግድግዳውን ሁሉ የሚሸፍን መጋረጃ ሰፋ። ሲሰቅሉት ሁለት ጣት ተርፎ መሬት ጎተተ።

እማማ ሸዋነሽ ገቡ። አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ አየሩን ሳቡ፣ ጭቃው ሸተታቸው። ከዚያ መጋረጃውን አዩ።

«መስኮቱ በዚያ በኩል ነው፤ ይሄ ምን የሚከልል ነው?»

«ለጌጥ ነው እማዬ» አለች ሊድያ።

«ጌጥ ከኋላው ያብጣል እንዴ?» አሉና ብድግ ብለው ገለጡት።

 መሐመድዘይን ሳቁን በቆቡ ያዘ። አሮጊቷ አንዲት ቅጠል ቀንጥሰው በፊት ጥርሳቸው ነከሱ።

«ሩዝ ነው» አሉ። «የኔ ሩዝ ነው። ከየትኛው ክምር ወሰድኸው?»

«ከዋርካው ሥር ካለው።»

«እሱ በቅጡ አልተወቃም፣ ፍሬ አለበት ብዬህ አልነበረም?»

«ረሳሁት» አለ አበረ እግሩን እያየ።

እማማ ሸዋነሽ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊድያ የሚያለቅሱ መስሏት ልትደግፋቸው ስትሄድ ሳቅ ነው። ሁሉም ሲሳሳቁ አመሹ። ሲጨርሱ አሮጊቷ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ግድግዳው ጎንበስ አሉና፣ «ይቺ ደግሞ አረም ናት» ብለው አንዷን ነቀሏት።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ «ነገ እሄዳለሁ» ይላሉ። ግን ወይ የመስኮቱ ሥር አልታረመም፣ ወይ ከላይ ያለው ውሃ አላገኘም፣ ወይ የጎረቤት ፍየል በመስኮት አንገቷን አስገብታ ጥጉን ግጣለች። «እኔ ብሄድ ማን ሊጠብቀው ነው? አንቺ በር እንኳ የምትከፍቺው በጭፈራ ነው» ይሏታል ሊድያን። እንግዳ ሲመጣ ወደ ሳሎን አይወስዱም፤ ማሳቸውን ያስጎበኛሉ። መስከረም ጠብቶ ሜዳው ጠፈፍ ሲል ሊድያ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እንዳታያቸው ፈርታ ጧት ጧት በሩን ታይ ነበር። ግድግዳው ቢጫ ሆኖ ደረቀ፤ ፍሬ አልያዘም። እሳቸው ግን ሰው ልከው ሳጥናቸውንና ዶሮዎቻቸውን ከቁሐር ሚካኤል አስመጡ።

በዚያ ሰሞን ሊድያ ለአበረ ምሳ ልታደርስ ገበያ ወጣች። አበረ በረንዳው ላይ የለም። መሐመድዘይን ጨርቅ እየለካ፣ «እስቲ ባልሽን አንድ ነገር ንገሪልኝ» አላት። «ያንን ጭድ ይውሰድልኝ፤ መጋዘኔን ሞላው።»

«የምን ጭድ?»

«የጤፍ ጭድ ነዋ። ቤቱን ሊሠራ ሲል ‹ግድግዳ የሚይዘው የጤፍ ጭድ ነው› ብዬ ከአንበሳሜ አስመጥቼለት፣ ‹ለጊዜው አንተ ዘንድ ይቀመጥ፣ እኔ የእማዬ ይሻለኛል› አለኝ። ግትር።»

ሊድያ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። «ረሳሁት» ሲል እግሩን እንዴት ያይ እንደነበር ትዝ አላት፤ ለካ አልረሳውም ነበር?

ዞር ስትል አበረ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አየችው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ የጫናቸው ሳንቃዎች በግራም በቀኝም ከባጃጁ ወጥተዋል፣ ሁለት ሁለት ጣት ተርፏቸው መሆን አለበት።

«የዶሮዎቹን ቤት ልሠራ ነው» አላት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«አበረ፣ ቆይማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። ባጃጁ ግን ተነስቶ ነበር፤ ሳንቃው የሻይ ቤቱን ሸራ ገፎ ወሰደው፣ ባለሻይ ቤቷ እየጮኸች ተከተለችው፣ እሱ ሸራውን ከራሱ ላይ እያነሳ በሳቅ እንደ ፈነዳ በማዞሪያው ታጠፈ።