የጥንቸሏ አራስ ቤት

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ በሙዝ ካርቶን ጥንቸሎች ይዞ ይሸጣል። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ አንዷን ነጭ አንስታ አቀፈችና ምን እንደምትበላ ጠየቀች። ሻጩ አፉን ሳይከፍት ከሰልፉ ሦስት ሰዎች መለሱላት። አንዱ ዳቦ አለ። ሁለተኛዋ ካሮት ብቻ አለች። ሦስተኛው፣ ክራቫት ያሰረው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ዋናው ነገር ውሃ እንዳትሰጫት። ጥንቸል ውሃ አትጠጣም" አላት። ሦስቱም ጥንቸል አሳድገው እንደማያውቁ ከፊታቸው ያስታውቃል። በዚህ አገር ስኳር ይጠፋል፣ ዘይት ይጠፋል፤ ምክር ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ሁለቱን ናቅኳቸው። ባለክራቫቱን ግን ጠላሁት፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ እንኖር ነበር። ከአስፋልቱ ወዲያ የአበባ አጥር ያላቸው ቪላዎች፣ ወዲህ የእኛ የጭቃ ቤቶች። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የቆርቆሮ ጣሪያችን ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ግን አንዳችንም አውሮፕላን ተሳፍረን አናውቅም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መነጽር አደርጋለሁ፤ መጽሐፍ በብብቴ ሳልይዝ ሱቅ እንኳ አልላክም። ሰፈሩ "ፕሮፌሰር" ይለኝ ነበር። እያሾፉብኝ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ጥንቸሏን የሰጡኝ ጋሽ ሽኩር ናቸው፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያለ የፈረንጆች ቪላ ዘበኛ። በጓሮው ጥንቸል ያረቡ ነበር። ነጭ ስለሆነች ሙሽሪት አልኳት። እርጉዝ እንደነበረች ግን ሰጪውም ተቀባዩም አላወቅንም። በሁዳዴ መካከል፣ ቦሌ አቧራ በአቧራ በሆነበት ወቅት፣ ከደረቷ ጠጉሯን ነጭታ ጎጆ ሠራችና ጣት የሚያካክሉ አምስት መላጣ ልጆች ወለደች። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "ውይ፣ አራስ ሆነች እኮ" አለች።

አራስ ከተባለች በኋላ ጥንቸልነቷ ቀረ። ጎረቤታችን እትዬ ተዋቡ ስምንት ጊዜ አራስ ቤት ገብተው የወጡ ስለሆኑ፣ በጉዳዩ ላይ ከእሳቸው በላይ የሚናገር ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ምች እንዳይመታት የሳጥኗን ሽቦ በአሮጌ ጋቢ ሸፈኑት። ሣሩን፣ ቀዝቃዛ ነው ብለው ጣሉት። ገንፎ አገነፉ፤ መሀሉ ላይ ቅቤ አኖሩበት። እናቴ ጾም መሆኑን ብታስታውሳቸው አራስ አትጾምም አሏት። እኛ ሽሯችንን በዘይት ስንበላ ሙሽሪት ጢሟ በቅቤ ወዝቶ ተቀምጣለች። በመጨረሻ የውሃ ጣሳዋን አነሱት፤ አራስ ቀዝቃዛ ውሃ ከጠጣች ብርድ ይገባባታል።

እናቴ እዚህ ላይ አመነታች። ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ታነባለህ፤ መጽሐፉ ምን ይላል?"

ስለ ጥንቸል አንድ ገጽ አንብቤ አላውቅም ነበር። "ጥንቸል ውሃ አትጠጣም" አልኩ፣ መነጽሬን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ። "ከሣሩ የምታገኘው ይበቃታል።"

ሣሩ መጣሉን ያስታወሰ የለም፤ እኔም ጭምር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙሽሪት በጎኗ ተዘርራ አገኘኋት። ጆሮዋ በረዶ ሆኗል፤ ጎኗ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወድቃል። ልጆቿ በደረቀ ጡቷ ላይ እየተንፏቀቁ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። እትዬ ተዋቡ ሳጥኑ በጋቢው በደንብ ስላልተሸፈነ ምች መታት ብለው ዳማከሴ አሽተው አፍንጫዋ ላይ ጨመቁባት። አጎቴ ጥላሁን ደረሰ፤ በቀበሌያችን የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጥ፣ ካኪውን ለእንቅልፍ እንኳ የሚያወልቅ የማይመስል ሰው። ምች የሚባል ነገር እንደሌለ፣ በሽታ ሁሉ ሳይንሳዊ መነሻ እንዳለው ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። መነሻው ምን እንደሆነ ስንጠብቅ የንቃት ማነስ ሆኖ ተገኘ። ከኪሱም የቴትራሳይክሊን ክኒን አወጣና በገንፎው ተለውሶ እንዲሰጣት አዘዘ። በገንፎው ላይ እሱና እትዬ ተዋቡ ልዩነት አልነበራቸውም።

እኔ አስፋልቱን ተሻግሬ ሮጥኩ።

ጋሽ ሽኩር አብረውኝ መጥተው፣ ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ከሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። የአንገቷን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

"ውሃ የጠጣችው መቼ ነው?"

"እንደማትጠጣ አንብቧል" አለች እናቴ፣ እኔን እያየች። በድምፅዋ ውስጥ ገና ትንሽ ኩራት ነበረ።

ጋሽ ሽኩር ቀና ብለው አዩኝ። "የምን መጽሐፍ ነው?"

"ረሳሁት" አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ውሃ አስመጥተው በጣታቸው ከንፈሯን አረጠቡት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ምላሷ ወጣ። ከዚያ አንገቷን አንስታ ከመዳፋቸው ጠጣች፤ ሞሉላት፣ ጠጣች፤ ደግመው ሞሉላት። ስትጠጣ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። በዚያ ዘመን ስብሰባ ብርቅ አልነበረም፤ እንደዚያ ጸጥ ያለ ስብሰባ ግን አላየሁም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። እትዬ ተዋቡ የገደላት ቀዝቃዛው ውሃ ነው አሉ። አጎቴ ክኒኑ በወቅቱ ቢሰጥ ኖሮ አለ። ጋሽ ሽኩር ልጆቿን ኮታቸው ውስጥ ሰበሰቡ፤ በቪላው ጓሮ ሌላ የምታጠባ ጥንቸል ነበረቻቸው። በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ "አላውቅም ብትል ማን ይገርፍህ ነበር?" አሉኝ።

ማንም አይገርፈኝም ነበር። በእትዬ ተዋቡና በአጎቴ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አሹፌባቸዋለሁ፤ በየጽሑፌም በየመጠጥ ቤቱም። እትዬ ተዋቡ የሚያምኑትን ነው ያደረጉት፤ አጎቴም ሳያምንበት አልቀረም። ሳያምን የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱን እስከ ዛሬ ከጨዋታው አውጥቼው ኖሬያለሁ።

መገናኛ ላይ ወረፋዬን ለቅቄ ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ከጥንቸሏ ፊት ንጹሕ ውሃ እንዳይጠፋ፣ በተለይ ከወለደች እንደሆነ፣ አልኳት። ባለክራቫቱ ፈገግ አለ።

"የት አነበቡት ጋሼ?"

"አላነበብኩትም" አልኩት። "ገድዬ ነው ያወቅኩት።"

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ልጅቷ እኔን አየች፣ እሱን አየች፤ ከዚያ ጥንቸሏን በደረቷ ይዛ ከሰልፉ ዳር ወደቆመ ውሃ ሻጭ ሄደች።