የመጀመሪያዋ አስተርጓሚ

ባለቤቴ የችሎት ጸሐፊ ነበረች፤ እኔ በዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ካረፈች ሰባት ወሯ። የበሩን መቀርቀሪያ ሁለቴ ሳትነካ የማትቀመጥ ሴት ነበረች። ምክንያቱን የነገረችኝ በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። የወንዝ ማዶ ሰዎች ከሚባሉት ወገን ናት። በከተማችን ለእነሱ ቤት የሚያከራይ፣ አብሯቸው ማዕድ የሚቆርስ ጥቂት ነው። እናቷ ገና በልጅነቷ ቋንቋውን ደጅ ወጥታ እንዳትናገር አስምላታለች። አብራን የምትኖረው እናቴም ይህን አታውቅም ነበር።

የአገራችን ሴት ፕሬዚዳንት በተመረጡ በሁለተኛው ዓመት ሁለት አዋጆች አስጸደቁ። ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ መክሰስ ትችላለች፤ ማንም ሰው ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይሟገታል። ማኅተሙን ከኪሱ ስለማይለይ “ማኅተሜ” የምንለው አለቃችን አዋጁን አንብቦ፣ “በሉ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳህን አጣቢ ነኝ። የኔዋ ክስ መጻፍ ታውቅበታለች” አለ። ሳቅን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሴትዮዋ ግን አይቆዩም። የወረዱ ዕለት፣ ያጨበጨበላቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይለቀማል” ሲል ሁላችንም ወደየመዝገባችን አጎነበስን። አዋጁን ደግፎ በሬዲዮ የተናገረ መምህር ቤቱ የተቃጠለው በዚያው ሳምንት ነው።

ከወንዝ ማዶ አንዲት ሴት ባሏን ከሰሰች። እናቷ ያወረሰቻትን ቤት ነጥቆ ከሁለት ልጆቿ ጋር አባሯታል። እሷ የምታውቀው የራሷን ቋንቋ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚ ደግሞ አልተገኘም። ቋንቋውን የሚችል ሁሉ ወገኑ እንዳይታወቅበት ተደብቋል። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተቀጠረ።

“ዛሬ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ ሰው ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል” አለችኝ ባለቤቴ፣ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች።

“ይዘጋ። ፕሬዚዳንቷ ዘበኛ አላቸው፤ እኛ ያለን አንድ መቀርቀሪያ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ኋላ አይመለስም።”

“የምትፈራው እሳቱን ነው እናትህን?”

“ሁለቱንም” አልኳት። እውነቴን ነበር።

መዝገቡን ይዤ ችሎት ስገባ ባልየው ከሦስት ወንድሞቹ ጋር ኋላ ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ሴትየዋ ተናገረች፤ ሁላችንም ከንፈሯን አየን። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይህን ቋንቋ የሚያውቅ አለ?” አሉ። ባለቤቴ ከጽሕፈቷ ቀና ብላ አየችኝ። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። በጣም ጥቂት ነው የነቀነቅኩት፤ እሷ ግን አይታኛለች።

“እኔ አውቃለሁ” አለች ተነሥታ። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር።

“የት ተማርሽው?”

“እናቴ ናት ያስተማረችኝ።”

ከኋላ አንድ ሰው፣ “እስከ ዛሬ መዝገባችንን ስትነካካ የኖረችው ይቺ ናት?” አለ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ባለቤቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ቃል በቃል እስከ መጨረሻው አስተረጎመች። መዝገቡ አልተዘጋም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከወንድማማቾቹ ሁለቱ እስከ አደባባዩ ድረስ ተከተሉን። አልተናገሩንም፤ ልናሳልፋቸው ስንቆም እነሱም ቆሙ። ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጣቶቿ እስኪያሙኝ ድረስ።

ወሬው ቀድሞን ደርሷል። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ተቀምጣለች።

“እውነት ነው?” አለች እኔን እያየች።

“እውነት ነው፣ እማማ” አለች ባለቤቴ።

“ስምንት ዓመት ከእጅሽ በላሁ” አለችና ተነሣች። እህቴ ዘንድ ሄደች፤ ተመልሳ ከእኛ ጋር አልኖረችም።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ፊቷን ስትታጠብ፣ “ዛሬ እንኳ ቅሪ” አልኳት።

“የአራት ሴቶች ጉዳይ ለዛሬ ተቀጥሯል። አስተርጓሚ ተገኘ ሲባል ሰምተው ትናንትናውኑ ነው የመጡት።”

“እንዲህ እየፈራሽ?”

“እየፈራሁ። አንተ ግን” አለች ፎጣውን እየሰቀለች፣ “ዛሬ ችሎት ስትገባ ራስህን አትነቅንቅብኝ።”