የበሰበሰው የዘር ድንችና የስብሰባችን ነገር

ሮብ ገበያ በሚባል ቦታ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥራው ሁሉ የሚያንገበግበኝ ስብሰባው ነው። ሊቀመንበራችን እጃቸው ንጹሕ፣ ለማኅበሩ የሚደክሙ ሽማግሌ ነበሩ። ችግራቸው፣ ውሳኔውን ከቤታቸው ጨርሰው ይመጣሉ። «ሐሳብ ያለው?» ይሉና ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ እንኳ ሳይጠብቁ «እንግዲያው ተስማምተናል» ብለው ይዘጉታል። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ዓመት ለዘር ያስቀመጥነው ድንች መጋዘን ውስጥ በሰበሰ። ሊቀመንበሩ በዝናቡ አሳበቡና መስኮቶቹን በጆንያ አስደፈኑ። በዓመቱ የባሰ ሆነ፤ ሽታው ገና ከመንገድ ይቀበለን ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰን የሚል ውሳኔ ይዘው መጡ። አሁንስ በቃኝ አልኩ። ብዕሬን አስቀምጬ፣ ከመካከላችን ቤቱ ያስቀመጠው ድንች ያልበሰበሰበት ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠች አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬን ተመለከተ። እሷም ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ድንቹን ቆጥ ላይ በስሱ በትና እንደምታስቀምጠው፣ ነፋስና ጥቂት ብርሃን ካላገኘ እንደማይበረክት ተናገረች። እኛ ግን ከምረን አፍነነዋል።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?» አሏት ሊቀመንበሩ።

«አምና እጄን አውጥቼ ነበር። ጸሐፊው አይተውኛል።»

እውነቷን ነው፤ አይቻታለሁ። ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ አቀርቅሬ መጻፌን ቀጠልኩ። በሊቀመንበሩ ስበሳጭ የኖርኩት ሰውዬ ከዚያ ቀን ወዲህ በራሴ መናደድ ጀመርኩ።

ሊቀመንበሩም ልስኑን ተዉት። ጆንያው ተነሣ፣ በቀርከሃ ቆጥ ተሠራ፣ ሴትዮዋም ኮሚቴ ገባች። የዚያ ዓመት ዘር አጭርና ጠንካራ ጎንቁል አውጥቶ ከመጋዘን ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ ሁሉም ይናገራል። ስብሰባው ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዱ ስለ ዘር ሲጠየቅ ስለ በሬው ሕመም ያወራል፣ እኔም ምሳዬ ያልፈኛል። ቢሆንም ክረምቱ በዘገየ ዓመት፣ ቶሎ የሚደርሰውን ገብስ እንዝራ ብሎ ያዳነን በስብሰባ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። የሱን ንግግር አንድ ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ ሞላ።