ነብር የመሰለው የፋሲካ ቀሚስ

እናቴ አባቴ በተቀበረ ማግስት ያላትን ልብስ ሁሉ በአንድ ትልቅ ድስት ጥቁር ቀለም ነከረችው። ሁሉን ስል ሁሉን ነው። የቤት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሹራብ፣ የመኝታ ቤት መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጋር ተጠቅልሎ የገባ የወንድሜ ነጭ ካልሲ ጭምር። ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። የፋሲካ ቀሚሷም አብሮ መነከሩን ያወቅነው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ስናየው ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ ራሱ መርጦ የገዛላት፣ ገና በወጉ ያልተለበሰ ባለጥልፍ ነጭ ቀሚስ ነበር። ድስቱም እስከ ዛሬ ሽሮ አይሠራበትም።

አባቴ ከጅማ የቡ ከተማ እየተመላለሰ የቡና መፈልፈያ ማሽን ይጠግን ነበር። ዐቢይ ጾም እንደገባ አንድ ቀን ደረቴን ያዘኝ ብሎ መጣ፤ ሳይመሽም ሞተ። እኔ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ጾሙን ከእናቴ ጋር ልክረም ብዬ ልብሴን ጠቅልዬ ቤቷ ገባሁ።

እናቴ አታለቅስም ነበር። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ትሠራለች፣ ትተኛለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሰው የበዓሉን ነገር ሲያነሳ ግን «ለእኔ ዘንድሮ ፋሲካ የለም» ትላለች። መጀመሪያ ዶሮውን ያለች መስሎኝ ነበር፤ ለእኔና ለወንድሜ ፋሲካ ማለት ዶሮ ነውና። በሆሳዕና ዕለት የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ አላደርግም ስትል ነው የገባኝ። የለም ያለችው ትንሣኤውን ራሱን ነው። የሞተ ሰው ይነሣል የሚለውን ለማመን አቅም አጥታለች። ያቺ የዕድሜ ልክ ጾመኛ! እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ፤ ተናደድኩባት። ከንዴቱ ሥር ያለው ግን ፍርሃት ነበር። እስከዚያ ድረስ በእሷ እምነት ላይ ተደግፌ ነበር የምኖረው። እሷ ከወደቀች አባቴ ለእኔም ለዘላለም አፈር ሆኖ መቅረቱ ነው።

ቅዳሜ ሹር ዕለት የንስሐ አባታችን እንደ ወጉ ቄጠማ ይዘው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ የጅማን ጭቃ እየረገሙ ገቡ። እኔና ወንድሜ ቄጠማውን ተቀብለን ራሳችን ላይ አሰርን። እናቴ ተቀበለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ነገም በዚሁ ጥቁር ልትመጪ ነው?» አሏት።

«ሌላ ልብስ የለኝም፣ አባቴ።»

እውነቷን ነበር። አባ የጠየቁት ግን ስለ ልብስ አልነበረም።

«ስሚ ልጄ፣ አልቅሺ፤ ማንም አልከለከለሽም። ግን ባልሽን የቀበርኩት እኔ ነኝ። መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ ያን ሁሉ ያዜምኩት ጌታ ተነሥቷል ብዬ ነው። ካልተነሣ እኔ ካህን አይደለሁም፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ። ይሄን ጥምጣም አውልቄ አካፋ ልያዝ?»

ወንድሜ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ወደ ጓሮ ወጣ። እናቴ ፈገግም አላለች። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እሷን ግን መከራውም መክሮ አልቻላትም አልኩ በሆዴ። አባ መርቀውን ሄዱ።

ከምሳ በኋላ ድንገት ብድግ አለች። ቀሚሱን ከቁም ሳጥን አወጣችና «በረኪና ግዙልኝ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሙስሊም ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ሰማች። እሷ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምታ ቁጭ አትልም።

«ማሎ! እንዲህ ያለ ጥልፍ በበረኪና?» አለች፤ እጅጌዋን ግን ቀድማ ሰብስባለች።

ሁለቱ ሳፋውን ከበው አሹት፣ አለቀለቁት፣ ደግመው ዘፈዘፉት። ጥቁሩ ለቀቀ። ነጭ ግን አልሆነም። አንዱ ጋ ቢጫ፣ አንዱ ጋ ቡኒ፣ ትከሻው ላይ ደግሞ እንቢ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ። ጎረቤታችን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ያ ረቢ! ነብር ሆነ! ነገ ቤተ ክርስቲያን ነብር ለብሰሽ ልትገቢ ነው? ወላሂ ቄሱ ናቸው ቀድመው የሚሮጡት!»

እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳፋው አጠገብ ዝርፍጥ እስክትል። ሳቁ እዚያው ወደ ልቅሶ ዞረ። ጎረቤታችን በእርጥብ እጇ አቅፋ «አይዞሽ፣ ሰብር አድርጊ» እያለች አብራት አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ አይቼ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀሚሱን በካውያ አደረቅነውና ማታ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከላይ የእኔን ነጭ ነጠላ ደረበችበት፤ ነብሩ ግን ከታች ብቅ ማለቱን አልተወም። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የትንሣኤውን ሰላምታ ይለዋወጥ ጀመር። አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይላል፤ ክርስቶስ ከሙታን ተነሣ ማለት ነው። ሌላው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበለዋል። ለእናቴም ብዙ ሰው ሰላምታውን አቀረበላት። እሷ ራሷን ብቻ እየነቀነቀች አለፈች። እዚህ ድረስ መጥታ ያቺን ቃል ከአፏ አለማውጣቷ አንገበገበኝ።

ሰው ለመፈሰክ ወደየቤቱ ሲጣደፍ እሷ እስኪነጋ እንቆይ አለች። ርቦኝ ስለነበር ተነጫነጭኩ። ሰማዩ ሲገለጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የአባቴ መቃብር ይዛኝ ሄደች። አዲሱን አፈር ዝናብ መትቶት ጎድጎድ ብሏል። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ማዶ ያለ ጎረቤት የምትጠራ ያህል ድምጿን ከፍ አድርጋም፣

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» አለችው።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ግን አስጨነቀኝ። ባዶውን ልሙላላት ብዬ «በዐቢይ...» ማለት ስጀምር ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ የእሱን ተራ አትውሰጂበት» አለችኝ። «ራሱ ይመልስልኛል። ነይ፣ እስከዚያው እንሂድና እንብላ።»